አዲስ ሞተር ሳይክል በአሮጌ መልክ፦ እያወቁ መታለል ነውን?

መንገደኛው (በርሚንግሃም)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው፤ የሞተር ሳይክል ሙሉ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በለማጅነቴ የገዛኋትን ባለ 125 ሲሲ ሸጬ፣ እስከ ጡረታዬ የምታገለግለኝ አንዲት ደኅና ሞተር ሳይክል ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ዓይኔ ያረፈው በሁለት ላይ ነው፤ አንደኛዋ የትራያምፍ ቦንቪል ቲ100፣ ሁለተኛዋ የሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ናት። ሁለቱም አዲስ ሆነው አሮጌ የሚመስሉ ናቸው፤ ክብ የፊት መብራት፣ የእንባ ጠብታ የመሰለ የነዳጅ ታንከር፣ ጠፍጣፋ ረጅም መቀመጫ፣ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ማርሚታ።

የትኛዋን ልግዛ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ እሱን ነድቼ እወስናለሁ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሂንክሊ ከተማ ወደሚገኘው የትራያምፍ ፋብሪካ የጎብኚዎች ማዕከል ሄጄ አዲሲቱን ቦንቪል ጎንበስ ብዬ መረመርኳት። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የጥንቱ ክፍል) ነው ብዬ ያደነቅሁት ነገር ለካ ካርቡሬተር አይደለም፤ የካርቡሬተር ልብስ የለበሰ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ (ኢንጀክሽን) ነው። በሲሊንደሮቹ ላይ የተደረደሩት ክንፎች ነፋስ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ያስመስሏታል፤ ሞተሩ ግን የሚቀዘቅዘው በውኃ ነው፤ ራዲያተሩም ከፊት በሻንሲው ሁለት ቱቦዎች መካከል እንዳይታይ ተደርጎ ተሸጉጧል። ይህን ሁሉ አይቼ ስጨርስ ፍላጎቴ ይቀንሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይልቁንም ጨመረ። ባልኖርኩበት ዘመን፣ ባላደግሁበት አገር ለተወለደ መልክ ይህን ያህል የምሳሳው ለምንድን ነው? እናንተስ የገዛችሁት ምን ፍለጋ ነበር?

አባ ዘይት (ኮቨንትሪ)

መንገደኛው ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ብዬሃለሁ፤ ቅር እንዳይልህ። በጋራዥ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ የምኖረውም የጥንቱ የትራያምፍ የሜሪደን ፋብሪካ ከነበረበት ቦታ ብዙም ሳልርቅ ነው። የኮቨንትሪው ፋብሪካ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በኅዳር 1940 በጀርመን የአየር ድብደባ ስለወደመ ነበር ትራያምፍ ወደ ሜሪደን የተዛወረው፤ የሜሪደኑም በተራው በ1983 ተዘጋ። ዛሬ በቦታው መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል፤ ከመንገዶቹ አንዱ ቦንቪል ክሎዝ፣ ሌላው ዴይቶና ድራይቭ ይባላል። የቀረው ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የመጀመሪያዋ ቦንቪል፣ ቲ120፣ በ1959 ለገበያ ስትቀርብ 649 ሲሲ ነበረች፤ ፋብሪካውም 46 የፈረስ ጉልበት አላት ይል ነበር። ስሟን ያገኘችው በአሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው የቦንቪል የጨው ሜዳ ነው፤ በ1956 ጆኒ አለን የትራያምፍ ሞተር በተገጠመለት ዓሣ መሰል ተሽከርካሪ በሰዓት 345 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረረው እዚያ ሜዳ ላይ ነበርና። አንተ ዓይንህን የጣልክባት ኢንተርሴፕተርስ? 648 ሲሲ፣ 47 የፈረስ ጉልበት። ስድሳ ዓመት አልፎ አንድ ሲሲ ተቀነሰ፣ አንድ ፈረስ ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ አዲሶቹ የሚሸጡልህ ጉልበት አይደለም፤ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ባለቤቱ ይከፍለው የነበረውን ድካም ነው ያነሡልህ።

ድካሙ ምን እንደነበረ ልንገርህ፤ ምክንያቱም በሥዕል ላይ አይታይም። በወጣትነቴ የነዳሁትን አሮጌ የእንግሊዝ 650 ጠዋት ለማስነሣት መጀመሪያ የነዳጁን ቧንቧ እከፍታለሁ፤ ከዚያ በካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ አዝራር በጣቴ ተጭኜ ቤንዚኑ እስኪያንጠባጥብ እጠብቃለሁ፤ ጣቴ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ይሸታል። ቀጥሎ ፔዳሉን መርገጥ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ቀንም ጃኬቴን አውልቄ አሥር ጊዜ። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እግር ነበር፤ አሜሪካኖች ማርሽ በግራ ይሁን ብለው በሕግ ስላስገደዱ ነው የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ አጋማሽ የለወጡት። እስካሁን ድንገት ስደነግጥ ፍሬን ፍለጋ የተሳሳተውን እግሬን የምጫንበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ወጥተው እኩል ስለሚወርዱ ንዝረቱ ብሎን ይፈታል፣ የመብራት ክር ይበጥሳል። የሞተሩ ሽፋን ለሁለት ተከፍሎ ቁልቁል የሚጋጠም ስለሆነና ጋስኬቱም ያው የወረቀት ጋስኬት ስለነበረ፣ በቆመችበት ቦታ ዘይት ማየት እንደ ጥፋት አይቆጠርም ነበር።

እና እወዳት ነበር? አዎን። ግን ልጄ አንዲት ልግዛ ቢለኝ አዲሲቱን ግዛ እለዋለሁ።

ቀጥ ባይ (ስቱትጋርት)

ለአባ ዘይት አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ድካሙ ተነሣ የሚለው ክርክር ለማንኛውም አዲስ ሞተር ሳይክል ይሠራል። ጥያቄው ድካሙ ከተነሣ በኋላ የድካሙ ምልክት፣ ማለትም ክንፉና ካርቡሬተሩ፣ ለምን ይቀራል የሚል ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ስለሚሸጥ። እዚህ ጀርመን ቢኤምደብሊው የሞተር ሳይክል ሥራ የጀመረበትን ዘጠናኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ በ2013 «አር ናይንቲ» የተባለችውን አሮጌ መልክ ያላት ሞተር ሳይክል ሲያቀርብ ብዙ ሰው ለአንድ በጋ የሚሆን መዝናኛ ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬ ዘሯ በዝቷል። ካዋሳኪ፣ ዱካቲ፣ ያማሃ፣ ሁሉም የአያቱን ፎቶግራፍ ከአልበም አውጥቷል።

አንድ ነገር ግን በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙዎች የማያስተውሉት ይመስለኛል። አባ ዘይት እንዳሉት በጥንቱ ቦንቪል ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ፍንዳታው በእኩል ርቀት ስለሚመጣ ድምፁ የተስተካከለና ተከታታይ ነው። ከ2016 ጀምሮ የተሠሩት ቦንቪሎች ግን፣ ኢንተርሴፕተርም እንዲሁ፣ የክራንክ ሻፍታቸው (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) ክርኖች በ270 ዲግሪ የተራራቁ ናቸው። አንዱ ፒስተን ከፍ ሲል ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ፍንዳታ ተቀራርቦ ይመጣና ከዚያ ረዘም ያለ ዕረፍት ይከተላል። ይህ የፍንዳታ ቅደም ተከተል በትክክል ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ በዘጠና ዲግሪ የተዘረጉ ሞተር ቅደም ተከተል ነው። አሠራሩን ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዷ ደግሞ በ1995 የወጣችው የያማሃ ቲአርኤክስ 850 ናት እንጂ የሜሪደን ሥራ አይደለም። እንግዲህ ሰዎች ሞተሩን አስነሥተው ዓይናቸውን ጨፍነው «ይኸ ነው የጥንቱ ድምፅ!» የሚሉት በጥንቱ ሞተር ፈጽሞ ያልነበረ ድምፅ ነው። እኔ ይህን ናፍቆት ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ፤ ናፍቆት ቢያንስ የነበረን ነገር ይፈልጋል።

ዘውዲቱ (ሊድስ)

ቀጥ ባይ ወንድሜ፣ ስለ ድምፁ የጻፉት በጣም አስተማረኝ፤ ነገር ግን እኔ ለድምፅ አልገዛሁም፤ ለታሪክም አልገዛሁም። ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ወደ ቤት የምመለሰው ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ነው። ቲ100ን ከሦስት ዓመት በፊት ስገዛ መጀመሪያ የጠየቅሁት የመቀመጫውን ከፍታ ነበር፤ 790 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይረግጣሉ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ስለሚያደርገው መሣሪያ ነበር። ከ2017 ወዲህ እዚህ አውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ሳይክል ያለ ኤቢኤስ አይሸጥም፤ በአሮጌዎቹ ላይ ግን የለም፤ እንዲያውም የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ፍሬናቸው በዲስክ ፈንታ ከበሮ መሰል የሆነው የጥንቱ ዓይነት ነው። በረጠበ መንገድ ላይ ፊት ለፊቴ መኪና ድንገት ሲቆም ፍሬኑን ጨብጬ ጎማው ሳይቆለፍ የቆምኩበት ሌሊት አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እውነተኛነት የሚደረገውን ክርክር በትዕግሥት ማንበብ አልችልም።

መልኩን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው። አምስት ዓመት የሆናትን ልጄን ሞተር ሳይክል ሳዪልኝ ብላት ሁለት ክብ ጎማ፣ በመካከላቸው ሞተር፣ ከላይ ታንከር፣ ከኋላው መቀመጫ ትስላለች። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች እንደዚያ ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል የት እንዳለ ይታያል። በፕላስቲክ የተሸፈኑትን ዘመናዊ የሩጫ ዓይነቶች ስመለከት የማየው ቁጡ ፊት እንጂ ማሽን አይደለም። ፍጥነታቸውም ለእኔ ትርጉም የለውም፤ በዚህ አገር የገጠር መንገድ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 60 ማይል ነው፤ ቲ100 በዚያ ፍጥነት ስትሄድ የምትደሰት ትመስላለች፣ ሌሎቹ ግን የታሰሩ ይመስላሉ። መንጃ ፈቃድ ሳልነጠቅ ሙሉ ማርሽ መጠቀም መቻሌ ራሱ አንድ ደስታ ነው።

ቼናይ የተማረው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት ሕንድ አገር፣ ቼናይ ነው፤ እንደሚታወቀው ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዚያ አልፈዋል። ከተማዋ በፊት ማድራስ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1955፣ የኤንፊልድ ፋብሪካ በዚያ ተቋቁሞ ቡሌት የምትባለውን ሞተር ሳይክል መሥራት ጀመረ፤ ዋነኛ ደንበኞቹም የሕንድ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ያለው እናት ኩባንያ እየተዳከመ ሄዶ በ1970 ሥራውን ሲያቆም የማድራሱ ልጅ ግን አልሰማም ይመስል ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ቡሌት ያልተሠራችበት አሥርት ዓመት የለም። የማርሹን እግር እንኳ ወደ ግራ ያዛወሩት ከእንግሊዞቹ ስንት ዓመት ዘግይተው ነው።

በተከራየሁበት ቤት አጠገብ ወተት የሚያድል ሰው በሁለት ትልልቅ ጋን ግራና ቀኝ የጫናት ቡሌት ነበረችው። አሮጌ መልክ ወድዶ አልነበረም፤ ሌላ መልክ ያላት ቡሌት ስላልነበረች ነው። ስለዚህ ቀጥ ባይ «የአያቱን ፎቶግራፍ ከአልበም አወጣ» ያሉት ለትራያምፍ ሊሠራ ይችላል፤ ሂንክሊ ያለው አዲሱ ፋብሪካ በ1991 ሥራ ሲጀምር ያለፈውን ዘመን ትቶ ፍጹም ዘመናዊ ሞተር ሳይክሎችን ነበር ያቀረበው፤ ቦንቪል የሚለውን ስም የመለሰውም በ2001 ነው፤ ሞቶ ተነሣ ሊባል ይችላል። ለኤንፊልድ ግን አይሠራም። እሱ አያቱን ከቤት አላስወጣም ነበር፤ እንግዶች መጥተው እስኪያደንቋቸው ድረስ እዚያው ጥግ ተቀምጠው ነበር።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የዛሬዎቹ የትራያምፍ ቦንቪሎች የሚገጣጠሙት ታይላንድ ውስጥ ነው። የኢንተርሴፕተር ሞተር ግን የተቀረጸው የሮያል ኤንፊልድ የቴክኖሎጂ ማዕከል ባለበት በብራንቲንግቶርፕ፣ ሌስተርሻየር ነው፤ ሻንሲዋንም የነደፈው ኤንፊልድ በ2015 የገዛው ሃሪስ ፐርፎርማንስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ሂንክሊም በዚያው በሌስተርሻየር ነው የሚገኘው። እንግሊዛዊቱ በታይላንድ ትወለዳለች፣ ሕንዳዊቱ በእንግሊዝ ትታሰባለች። (እዚህ አሜሪካ ኢንተርሴፕተር የሚለው ስም የሆንዳ ስለሆነ አይኤንቲ 650 ተብላ ነው የምትሸጠው፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ የጥንት ስሟን እንኳ አጥታለች።)

ከቦሌ (አዲስ አበባ)

ውይይታችሁን በደስታ እያነበብኩ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚነሣበት ጊዜ ገና ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለተደረገ በመንገድ የምናየው በአብዛኛው ዕቃ አድራሹን ነው፤ በገጠር ደግሞ ሞተር ሳይክል የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ሰው አመላላሹ መሣሪያ ናት። ለእነሱ ክብ የፊት መብራት የሚያምረው ካልተሰበረ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ነገር ውበት ተብሎ መመረጥ የሚጀምረው ግድ መሆኑ ሲቀር መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው። ቼናይ የተማሩት ወንድማችን የጠቀሱት የወተት ነጋዴም ይህን የሚያረጋግጥ ይመስለኛል።

ቀጥ ባይ (ስቱትጋርት)

የወተት ነጋዴው አሸንፎኛል፤ ስለ ኤንፊልድ ያልኩትን አነሣለሁ። ስለ ቦንቪል ያልኩትን ግን አላነሣም። ውኃ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ላይ የተደረደረ ክንፍ አሁንም ይከነክነኛል። በአውሮፓ በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የጭስና የድምፅ ደንብ አየር ብቻ የሚያቀዘቅዛቸውን ትልልቅ ሞተሮች እንዳስቸገረ አውቃለሁ፤ የሲሊንደሩ ሙቀት እንደ ነፋሱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጭሱን በደንቡ ወሰን ውስጥ መጠበቅ ያዳግታል፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ የሚዞረው ውኃ ግን ሙቀቱን እኩል ያደርጋል፣ ድምፁንም ያፍናል። ውኃው ይግባ። ክንፉ ግን ለምን ይቆይ?

አባ ዘይት (ኮቨንትሪ)

ቀጥ ባይ፣ ክንፉ እንኳ ከንቱ አይደለም፤ ጥቂት ሙቀት ያስወጣል። ግን ልክ ነህ፣ ያለ እሱም ሞተሩ ይሠራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ድምፁ የጥንቱ አይደለም ያልከውን ባለፈው ሳምንት ከሁለት ወዳጆቼ ጋር አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን አስነሥተን ሰማን፤ እውነትህን ነው፣ አይመሳሰሉም። አሮጌዋ ትንጫጫለች፣ አዲሲቱ ትመታለች። ሆኖም እኛ ጋራዥ ውስጥ ኮሎ የምንለውን ክራንክ ሻፍት እንዲያ ባያጣምሙት ኖሮ ንዝረቱ ይመለስ ነበር። መሐንዲሶቹ መልኩን ጠብቀው ሕመሙን ጣሉ። የመንገደኛው ጥያቄም እዚህ ላይ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ታለልኩ የሚባለው ሕመሙን ፈልጎ መልኩን የገዛ ሰው ነው። አንተ ሕመሙን ትፈልጋለህን? ከፈለግህ እኔ ዘንድ በሦስት ሣጥን የተበታተነች አንዲት አለች፤ በነፃ ውሰዳት።

ከመግዛትህ በፊት አንድ የጋራዥ ምክር ልስጥህ። በቀጫጭን የብረት ክሮች የተወጠሩ ሪሞች ያሏቸው ሁለቱም፣ ቲ100ም ሆነች የመጀመሪያዋ ኢንተርሴፕተር፣ ጎማቸው ከመነዳሪ አለው። ሚስማር ቢወጋህ በመንገድ ዳር እንደ መኪና ጎማ በመሰኪያ ደፍነህ አትሄድም፤ ጎማው መውለቅ አለበት። ኢንተርሴፕተር ከ2023 ወዲህ ድፍን ሪም ያለውና ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ዓይነት ወጥቶላታል። ክሩ ያምራል፤ ውበቱ ግን በዝናብ ሌሊት፣ ከከተማ ሠላሳ ማይል ርቀህ ይፈተናል። የነዳጅ ታንከሩን ቀለም ስትመርጥ የምታጠፋውን ግማሽ ያህል ጊዜ ለዚህ ስጠው።

መንገደኛው (በርሚንግሃም)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ነዳኋቸው። ቲ100 የበለጠ የተጠናቀቀች ናት፤ ፍሬኗ ጠንካራ፣ ማርሿ ለስላሳ፣ ከፋብሪካው በሥርዓት የተላከች መሆኗ በየብሎኑ ይታወቃል። የአገልግሎት ጊዜዋም 16,000 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስሰማ የአባ ዘይትን ወጣትነት አስቤ ሳቅሁ።

የገዛሁት ግን ኢንተርሴፕተርን ነው። ዋጋዋ ዝቅ ማለቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ አልደብቅም። ዋናው ግን ቀጥ ባይ ያነሡት ክንፍ ነው። የኢንተርሴፕተር ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ስለሆነ ክንፎቿ ሥራ ላይ ናቸው፤ በመብራት ቆሜ ጉልበቴ አጠገብ የሚሰማኝ ሙቀት ይህን ይመሰክራል። ጉልበቷን በ47 ፈረስ መገደባቸው ሞተሩን በአየር እንዲቀዘቅዝ አድርገው የጭሱን ደንብ ለማለፍ የረዳቸው ይመስለኛል። ከመልኩ ጀርባ የሚሠራ ምክንያት እንዲኖር እንደምፈልግ ያወቅሁት እናንተን ሳነብ ነው፤ ካርቡሬተር ባይኖራት አልተከፋሁም፣ ምክንያቱም ያላት አታስመስልም። ዘውዲቱ እህቴ፣ ልጅዎ የሳለችው ሥዕል ሳይቀር በሐሳቤ ነበር። ሪሙን በተመለከተ የአባ ዘይትን ምክር ሰምቼ ድፍኑን አዘዝኩ፤ ክሩ ግን አሁንም ይናፍቀኛል፤ ይህንንም ልደብቅ አልችልም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ክረምት እየመጣ ነው፤ መንገዱም በረዶውን ለማቅለጥ በሚረጨው ጨው ይሸፈናል። የሚያብረቀርቀውን ማርሚታና ብሎኖቹን ከዝገት እንዴት ልጠብቅ?

አባ ዘይት (ኮቨንትሪ)

እንኳን ደስ አለህ። ከመጀመሪያው ጨው በፊት በደንብ አጥበህ ካደረቅሃት በኋላ ብሎኖቹንና የሻንሲውን መጋጠሚያዎች ኤሲኤፍ-50 በሚባለው ፀረ ዝገት በስሱ ቀባቸው፤ የፍሬን ዲስኩንና ጎማውን ግን አደራ እንዳይነካ፤ በሚረጭ ቆርቆሮ ከሆነ የምትጠቀመው በጨርቅ ሸፍናቸው። ማርሚታው ስለሚግል ቅባቱ አይቆይበትም፤ እሱን በየጊዜው በሰም ወልውለው። ጨው ላይ ነድተህ በመጣህ ቁጥር ደግሞ በዚያው ምሽት በቀዝቃዛ ውኃ እጠባት፤ ሙቅ ውኃና የጨው ቅሪት አንድ ላይ ዝገቱን ያፋጥናሉና። ኃይለኛ የግፊት ውኃ ወደ ጎማው መሐል ኩሽኔታ አታስጠጋ። ሰንሰለቱን የምትቀባው ከጉዞ እንደተመለስክ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ነው፤ ጠዋት ልትወጣ ስትል ከቀባኸው በኋላ ጎማህ ላይ ተበትኖ ታገኘዋለህ።